ዕጣ ወይስ ዕዳ?

በአማርኛችን በድምፅ የሚቀራረቡ፣ በፍርድ ግን የሚራራቁ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ ዕጣ ነው፤ ሁለተኛው ዕዳ። ዕጣ የወደቀበት ሰው ይታዘንለታል እንጂ ስለ እርሱ የሚጠየቅ የለም። ዕዳ ሲሆን ግን ባለዕዳ አለ፤ ባለገንዘብ አለ፤ የመክፈያ ቀን አለ። ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ማለዳ ከመኝታው ሲነሣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ቢለው፣ አፉ ቢጣመም፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ በዚያ ቤት የገባው ዕጣ ነው ወይስ ዕዳ? ጥያቄው የሕክምና ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች በተውነው ነበር። ነገር ግን ስለ ፍትሕ፣ ስለ ጥፋተኝነትና እርስ በርሳችን ስላለብን ግዴታ የሚጠይቅ ስለሆነ የሁላችንም ነው።

ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ በአማርኛ የአንጎል ምት እየተባለ የሚጻፈው ሕመም በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ነው፤ ሁለተኛው የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። በሁለቱም መንገድ የተጎዳው የአንጎል ክፍል መሥራት ያቆማል፤ ያ ክፍል ያዝዘው የነበረው እጅ፣ እግር ወይም አንደበት አብሮት ይዝላል። አንዱን ከሌላው በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚደፍነውም የሚያፈሰውም ሰውየውን በአንድ ዓይነት ይጥሉታል። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ ብዙ ነገር የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱና ገበሬው

በታሪካችን የዚህ ሕመም ታላቁ ምስክር አጤ ምኒልክ ናቸው። ከ1900 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሕመሙ በረታባቸው፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመታቸው ደግሞ አካላቸውን አሰረ፣ አንደበታቸውን ዘጋ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ያህል በቤተ መንግሥታቸው ተኝተው ኖሩ። ስልክንና ባቡርን ወደ አገራቸው ያስገቡት፣ ዘመናዊ ሆስፒታል ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ለራሳቸው ሕመም መድኃኒት አላገኙም። የውጭ አገር ሐኪሞች ተመላለሱ፤ ጸሎቱም ጠበሉም አልቀረ። አገር በሹክሹክታ ተሞላ፤ መርዝ ነው የሚል ነበር፤ መተት ነው የሚል ነበር።

ይሁንና በዚያ ዘመን ማንንም መውቀስ አይቻልም ነበር። በበርሊንም፣ በፓሪስም፣ በሴንት ፒተርስበርግም ቢሆኑ ኖሮ ያው ነበርና። በዚያው ዓመት በጉጌ ተራራ ሥር እንሰቱን ሲተክል የወደቀ አንድ የጋሞ ገበሬ ቢኖር፣ በሕመሙ ፊት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እኩል ነበር። እኩልነታቸው የአቅመ ቢስነት እኩልነት ይሁን እንጂ እኩልነት መሆኑ አይካድም። ዕጣ የሚለው ቃል በትክክል የሚሠራው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ይህ እኩልነት የፈረሰው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን በሚገኝ ሆስፒታል የመጀመሪያው የሲቲ ስካን ምርመራ በሕመምተኛ ላይ ተደረገ፤ ሐኪም የራስ ቅል ሳይከፍት የደፈነውን ከፈሰሰው የሚለይበት ዓይን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በአሜሪካ በ624 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት ታተመ። ቲፒኤ የተባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያለ አካል ጉዳት ወይም በጥቂት ጉዳት የሚገኙትን ሰዎች ቁጥር ቢያንስ በሲሶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ። በተከታዩ ዓመት መድኃኒቱ በዚያው አገር ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዓቱ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተከታትለው የወጡ ጥናቶች በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ከአንጎል የደም ሥር ጎትቶ ማውጣት ታላቅ ጥቅም እንዳለው አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በምስል ተመርጠው ለሚለዩ ሕመምተኞች ይኸው ሕክምና እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊጠቅም እንደሚችል ታወቀ።

መድኃኒቱ ተአምር እንዳይመስለን። በዚያው በ1995ቱ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ ስድስት በላይ የሚሆኑት አንጎላቸው ውስጥ ጉዳት ያደረሰ ደም ፈስሶባቸዋል፤ ካልወሰዱት ግን አንድ ከመቶ እንኳ አልሞሉም። የደም ሥሩ ለፈነዳበት ሰው ከተሰጠ ደግሞ መድኃኒቱ ገዳይ ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካን በሌለበት ማንም አዋቂ አይሰጠውም። ቢሆንም ሥራው እውነት ነው፤ ሽባ ሊሆን የነበረ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንግዲህ ፍልስፍናው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት በሌለበት ዘመን መድኃኒት ማጣት መከራ ነው። መድኃኒቱ በአንድ ቦታ ተገኝቶ በሌላ ቦታ ሲጠፋ ግን መከራ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጁዲት ሽክላር የተባሉት የፖለቲካ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ በመከራና በበደል መካከል ያለው ድንበር ቋሚ እንዳልሆነ፣ በየዘመኑ እንደሚንቀሳቀስና ድንበሩን የሚያሰምረው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ተከራክረዋል። የአንጎል ምት ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ድንበሩን ያንቀሳቀሰው የሐኪሞች ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱ በጨመረ ቁጥር ዕጣ ይባል የነበረው ነገር ወደ ዕዳ መዝገብ እየተዛወረ ይሄዳል። ዕውቀት ኃይል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ዕውቀት ግዴታም መሆኑ ግን ብዙም አይነገርም።

ጎሜው የማን ነው?

የጋሞ ሕዝብ ይህን የዕጣና የዕዳ ጥያቄ ከፈላስፎቹ በፊት በራሱ ቋንቋ ጠይቆታል። ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ሰው የአገሩን ዎጋ፣ ማለትም ከአባቶች የተረከበውን ሥርዓት ሲጥስ፣ ሐሰት ሲምል፣ ወሰን ሲገፋ፣ ወላጁን ሲበድል ጎሜ ይከተለዋል። ጎሜ ደግሞ የሚታወቀው በምልክቱ ነው፤ ሰው ይታመማል፣ ከብት ይሞታል፣ ዝናብ ይቀራል። መፍትሔው በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ የተበላሸውን መናገርና መታረቅ ነው። ታላላቁ ጉዳይ በዱቡሻ፣ በአደባባዩ ሸንጎ ይታያል። ዛሬ በደጋውም በቆላውም ብዙው ሰው የኦርቶዶክስ ወይም የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ ይሁንና «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከታማሚው አልጋ አጠገብ አልጠፋም። በጋሞ ብቻም አይደለም፤ በጎንደርም በአዲስ አበባም ምች መታው፣ ጥላ ወጋው፣ የሰው እጅ አለበት ይባላል።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ ከከተማ ሆኖ መሳቅ ቀላል ነው። መሳቁ ግን ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛው፣ ጎሜ ውስጥ ያለውን እውነት ማለፍ ነው። የጎሜ ሐሳብ ሕመም የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም ይላል፤ አንድ ሰው ሲወድቅ በሰዎች መካከል የተበላሸ ነገር ካለ ፈልጉ ይላል። ዘመናዊው ሕክምና በበኩሉ ሰውየውን ከነአልጋው ለይቶ ሲያየው ይህን ጥያቄ ይረሳዋል። ሁለተኛው ስሕተት፣ ሳቁ የታማሚውን ጥፋተኝነት አለማስወገዱ ነው። «ጨው አብዝቶ፣ ጠጥቶ፣ መድኃኒቱን አቋርጦ ነው» ብሎ የሚፈርድ የከተማ ሰውም በሌላ ቃል ያንኑ ጎሜ እየተናገረ ነው።

ሆኖም ጉዳቱ መነገር አለበት። ጥፋትን ከታማሚው ላይ የሚፈልግ ልማድ ሁለት ነገር ይሰርቃል፤ ክብርንና ጊዜን። ክብርን እንዴት እንደሚሰርቅ የሚጥል በሽታ ያሳየናል። ከአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በ60,820 ሰዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። በተከታዩ ዓመት የወጣው ጥናታቸው ደግሞ ብዙው ሰው በሽታውን የክፉ መንፈስ ሥራ አድርጎ እንደሚያየው፣ ይጋባል ብሎም እንደሚፈራው ገለጠ። ፍርሃቱ ምን ያስከትላል? እሳት ዳር የወደቀን ሰው የሚያነሣው ያጣል። ሂፖክራተስ ከሚባለው የጥንት ግሪካዊ ሐኪም ስም ጋር የተያያዘው ድርሰት፣ ይህ በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የበለጠ መለኮታዊ አይደለም ብሎ ከተከራከረ 2,400 ዓመት ገደማ ሆነው። ለብዙዎቹ ታማሚዎች የሚረዳው ፌኖባርቢታል የተባለው ክኒን በዓለም ሥራ ላይ ከዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ርካሽም ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ልጅ በመውደቁ ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ ጎሜው የልጁ ነው ወይስ ክኒኑን እያወቁ ያላደረሱለት ሰዎች?

ጥያቄውን እንዲህ ከገለበጥነው ጎሜ አዲስ ትርጉም ያገኛል። የተበላሸውን በታማሚው ሕይወት ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ በታማሚውና በመድኃኒቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ መፈለግ ይቻላል። ይህ የጋሞን ጥበብ መናቅ አይመስለኝም፤ ወደሚገባው ቦታ መመለስ ነው።

ዳገቱና ሰዓቱ

ጊዜን እንዴት እንደሚሰርቅ ደግሞ እንመልከት። አንድ ትልቅ የአንጎል የደም ሥር ሲደፈን በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል። አሁን በቦንኬ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። ገና ሳይነጋ ይወድቃል። የቤቱ ሰው ፊቱን በውሃ ያብሳል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ እስኪሻለው ይጠበቃል። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌ ይመጣል፣ ጸሎት ይደረጋል። ቃሬዛ ታስሮ፣ ጎረምሶች ተቀባብለውት፣ ቁልቁለቱን ወደ መኪና መንገድ ይወርዳሉ። መኪና ይጠበቃል። ከዚያ ነው አርባ ምንጭ። ይህ ሁሉ በ4 ሰዓት ተኩል ያልቃል? ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ሲባል ቅርብ ይመስላል። ለደም ሥር የሚቆጠረው ግን ኪሎ ሜትር አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ይላክ ቢባል ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቀዋል።

በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም የሚሉት ይኸንኑ ነው፤ ብዙው ታማሚ የሚደርሰው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ ከመንገዱ የበለጠ ጊዜ የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ጥበቃ ነው። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ አንደበት ሲያዝ ያ ሕመም ሰዓት የማይሰጥ መሆኑን ያላወቀ ቤተሰብ መጠበቁ አያስወቅሰውም። ያልተነገረውን እንዴት ያውቃል? ስለዚህ የመጀመሪያው ዕዳ የቃል ዕዳ ነው፤ የሚያውቅ ለማያውቅ መናገር።

«ይህ ለአውሮፓ ነው፣ የእኛ ዳገት ሰዓት አይቆጥርም» የሚል ይኖራል። የወላድ እናቶች ታሪክ ግን ይህን ያስተባብላል። በዚሁ ዳገት፣ በዚሁ ቃሬዛ እናቶች በምጥ ሲሞቱ «የእግዜር ነው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ቁጥሩ 412 ነበር። በመካከሉ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ፤ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ለየወረዳው አምቡላንስ ተሰጠ፤ በጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠሩ፤ ሐኪም ያልሆኑ የጤና መኮንኖች ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ሠለጠኑ። 412 ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ በደሉ አላለቀም። ነገር ግን ዳገቱ ሳይፈርስ ሰዓት መቁጠር እንደሚቻል ታይቷል። ትናንት ዕጣ ያልነውን ዛሬ ዕዳ ብለነዋል፤ ዕዳ ስላልነውም ከፊሉ ተከፍሏል።

ስለ ርካሹ ክኒንና ስለ ውዱ ቱቦ

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳንመልስለት ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። ተቃውሞው እንዲህ ይላል፦ «ድሃ አገር ነን። ለአንድ ሰው አንጎል የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ቀበሌን ሰው ሁሉ የደም ግፊት ለመለካትና ክኒን ለመስጠት ይበቃል። የአንጎል ምት ዋነኛ መነሻ ደም ብዛት ነው። ስለዚህ መከላከሉ ይቅደም፤ ቱቦውና ማሽኑ ለባለጸጋ አገር ይቆይ።»

በሒሳቡ ትክክል ነው። ደም ብዛት ድምፅ የለውም፤ ዓመታት ሙሉ ሳይታወቅ ይኖርና አንድ ቀን ሰውየውን ይጥለዋል። የክንድ መለኪያና በየዕለቱ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ከሁሉም የዚህ ዘመን ግኝቶች ይልቅ ብዙ ሰው ያድናል። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ልትጀምረው የምትችለው ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ የተባለ ሰው መከላከልን ቢመርጥ አልወቅሰውም።

ነገር ግን ተቃውሞው ሁለት ነገር ይዘነጋል። መከላከል ይቅደም ስንል «ይቅደም» ማለታችን እንጂ «ይብቃ» ማለታችን አይደለም። ደግሞም መከላከል ይሻላል የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ራሱ ሲታመም ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ የሚበር ሰው ነው። ለራሱ ቱቦውን፣ ለገበሬው ምክሩን የሚመርጥ ሰው ስለ ፍትሕ ሲናገር ቃሉ ይከብዳል? አንድን የአከፋፈል ደንብ ፍትሐዊ ነው ለማለት ደንቡን ያወጣው ሰው ራሱ በደንቡ ሥር ለመኖር ፈቃደኛ መሆን አለበት። «እኔም ብወድቅ በአገሬ የሚገኘው ይበቃኛል» ያለ ሰው ስለ ቅደም ተከተል የመናገር መብት አለው።

ከዚህም በላይ ከርካሹ ክኒንና ከውዱ ቱቦ መካከል ብዙዎች የማያዩት ሦስተኛ ነገር አለ። ይኸውም የተደራጀ እንክብካቤ ነው። ታማሚዎቹ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ሥራውን የሚያውቁ ነርሶች፣ ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በኅብረት ሲከታተሏቸው ሞትም የአካል ጉዳትም እንደሚቀንስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደጋገሙ ጥናቶች ተረጋግጧል። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ በ19 ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ነርሶች ሦስት ነገሮችን ብቻ በሥርዓት ሲከታተሉ ውጤቱ እንደተሻሻለ አሳየ፤ ትኩሳትን፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርና መዋጥ መቻልን። አንድ ሰው ከመዋጡ በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተን ምን ማሽን ይጠይቃል? ትዕግሥትና ዕውቀት ይጠይቃል። የዚህ ዘመን ታላቅ ግስጋሴ ሁሉ በዶላር የሚገዛ አይደለም።

የባለሙያ ጉዳይም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት የነርቭ ሐኪም ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። አርባ ምንጭ ራሷ ሐኪም የምታሠለጥን ከተማ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። አርባ ምንጮች የሚፈልቁበት ቦታ በመሆኑ ስም ያገኘች ከተማ ከምንጮቿ አንዱን ለዚህ ብታደርገው ለስሟም ይመጥናል።

የቤተሰብ ጀርባ

ስለ እንክብካቤ ሲነሣ አንድ የምንመካበት ነገር አለ። «እኛ እኮ አንጣልም፤ የታመመ ወላጃችንን አንከባክበን እንይዛለን» እንላለን። እውነት ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የታመመ የዶርዜ ሸማኔ ወደ ዘመዶቹ ይመለሳል፤ የሚያበላው፣ የሚያጥበው አያጣም። ግን ይህ ሰው ምን እንዳጣ እናስተውል። ሸማኔ በሁለት እጁ መወርወሪያውን ይቀባበላል፤ በሁለት እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን መርገጫ ይረግጣል። ግማሽ አካሉ ሲዝል ሥራው ግማሽ አይሆንም፤ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። የሚረዳው ሰውም ሥራውን ይተዋል። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት ወይም ሴት ልጅ ናት፤ ልጅቷ ትምህርት ታቆማለች። የምንመካበት ባህል የተሸከመው በማን ጀርባ እንደሆነ ሳንጠይቅ መመካታችን አያምርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሎሚውን ሁሉ ለአንዲት ሴት አሸክመን ጌጡን ሁላችን እንጋራለን።

ደግሞም ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃ ማስረጃ አለ። በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታማሚዎችን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነበር። የባለሙያ እጥረት ስላለ የቤተሰብ አባላት ታማሚውን እንዲያለማምዱ ቢሠለጥኑ ይሻል ይሆን የሚል ተስፋ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ለውጥ አልተገኘም። ተስፋው መልካም ነበር፤ ውጤቱ ግን ሊያስተምረን ይገባል። ቤተሰብ ከታማሚው ጋር ሊሆን ይችላል፤ የባለሙያን ሥራ ተክቶ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። መንግሥትም ኅብረተሰብም «ባህላችን ይሸከመዋል» ብለው ዕዳቸውን ወደ ቤተሰብ ማዞር አይችሉም።

እውነቱን ለማን?

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን የመጣውን ታማሚ ያያል። ሚስትየዋ «ምነው፣ መድኃኒት የለውም እንዴ?» ትለዋለች። ምን ይመልስ? «ነበረው፤ ዘገያችሁ» ቢላት እውነት ይሆናል፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመው ጎሜ ይጭንባታል። «መድኃኒት የለውም» ቢላት ያጽናናታል፤ ግን ነገ ወንድሟ ሲወድቅ እንደገና ትጠብቃለች።

እኔ እንደሚመስለኝ እውነት ለሚችለው ሰው መነገር አለበት። ለሚስትየዋ የሚጠቅማት እውነት ይህ ነው፦ «ያልተነገረሽን ባለማወቅሽ አላጠፋሽም፤ ከእንግዲህ ግን ይህን ምልክት ያየሽ ቀን አትጠብቂ፤ የደም ግፊትሽንም ተለኪ።» ሙሉው እውነት ግን፣ ማለትም መድኃኒቱ እንዳለ፣ ሰዓቱ እንዳለፈና ያሳለፈው ምን እንደሆነ፣ መነገር ያለበት በአደባባይ ነው፤ በዱቡሻው፣ በወረዳው ምክር ቤት፣ በጤና ቢሮው ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። ሐኪም በታማሚው አልጋ አጠገብ ዝም ማለቱ ደግነት ሊሆን ይችላል፤ በአደባባይ ዝም ማለቱ ግን ዕዳውን ዕጣ አስመስሎ ማሳለፍ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለግለሰብ ብቻ አይደለም።

ዕዳው የጋራ ነው ሲባል ደግሞ የማንም አይደለም ማለት እንዳይሆን መከፋፈል አለበት። ምልክቱን አውቆ ሳይጠብቅ መነሣት የቤተሰብ ድርሻ ነው። ታማሚውን ሳይረግሙ በቃሬዛ ማንሣት የጎረቤት ድርሻ ነው። ቄሱና ፓስተሩ ጸሎቱን መንገድ ላይ ቢያደርጉት ጸሎቱ አይቀንስም። ክኒኑ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ እንዳይጠፋ፣ ሲቲ ስካኑና ባለሙያው ወደ ደጋው እንዲቀርቡ ማድረግ የመንግሥት ድርሻ ነው። የዓለምም ድርሻ አለ፤ መድኃኒትን ለአገሩ ሰው ብቻ የፈለሰፈ ሊቅ የለምና።

ጋሞዎች ስለ ሰዓት ለአገር ሁሉ ያስተማሩት አንድ ነገር አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ ተፈናቅለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በቁጣ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ለምለም ሳር ይዘው መጡ፤ በወጣቶቹ ፊት መንገድ ላይ ተንበርክከው ሳሩን ዘረጉ። የተቆጣው እግር ቆመ። በከተማዪቱ ሊፈስ የነበረው የንጹሐን ደም ሳይፈስ ቀረ። ይህ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወሳው ሳሩና መንበርከኩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሰዓቱ መድረሳቸው። በማግሥቱ ቢመጡ ኖሮ ሳሩ ያው ሳር፣ ጉልበቱ ያው ጉልበት፣ ቃሉም ያው ቃል ይሆን ነበር፤ የሚታረቀው ሰው ግን አይኖርም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር።

ያን ቀን ማንም «ዕጣ ነው» ብሎ አልተቀመጠም። የአንጎል ምትም ያንኑ ይጠይቀናል። የሚወድቀው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ አናውቅም፤ በጨንቻ ገበያ ፖም የምትሸጠው ሴት ትሆናለች፤ ይህን የሚያነብ ሰውም ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን አሁን ታውቋል። የታወቀ ሰዓት ደግሞ ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ አክባሪ ሰው ሳይጠሩት ይነሣል።